ባሻ ቢተው ያጣጣሉት ሽጉጥ

አንድ የጦር መሣሪያ አዳሽ ነበሩ፤ ስማቸው ባሻ ቢተው ይባላል። በዚያ ከተማ ውስጥ ሽጉጥ አይቶ ማንነቱን በመለየትና ዋጋውን በመገመት የሚስተካከላቸው አልነበረም። ገና እጃቸው ላይ ሳያርፍ የት አገር እንደተሠራ፣ የትኛው ብሎን እንደተቀየረ፣ ማን እንዳበላሸው ይናገራሉ። የሚናገሩት ግን እየተነጫነጩ ነው። ደንበኛ ከበሩ ብቅ ሲል ፊታቸው ይጨማደዳል።

ለመነጫነጭ ምክንያት አጥተው አያውቁም። የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚያስገምተው ዕቃውን ሳይሆን ወሬውን ነው። አንዱ የዛገ ብረት በፎጣ ጠቅልሎ ይመጣና የንጉሥ ስጦታ ነው ይላቸዋል። ሌላው አያቴ ከጠላት ጄኔራል የማረኩት ነው ይላል፤ መሣሪያው የተሠራው ግን አያትየው ከተቀበሩ በኋላ ነው። አንድ ጎረምሳማ በሽጉጥ መልክ የተሠራ የሲጋራ መለኮሻ አምጥቶ፣ ታሪካዊ ቅርስ ነው፣ ከጠራሁት ዋጋ ፍንክች አልልም ብሎ ድርቅ አለ። ባሻ ምላጩን ቢስቡት እሳቱ ቦግ ብሎ ጢማቸውን ለበለባቸው። ጎረምሳው ይቅርታ እንኳ ሳይል፣ "አዩ፣ ይሠራል" አላቸው።

እንዲህ ሲሰለቹ ኖረው ባሻ አንድ ደንብ አወጡ፤ የመጣውን ሁሉ አስቀድሞ ማጣጣል። ሻጭ ያሞግሳል፣ ገዢ ያጣጥላል፤ የገበያ ወግ ነው። እሳቸው ግን ወጉን አጥብቀው ያዙት። ዕቃው መናኛ ከሆነ መናኛ ነው ይላሉ፤ ጥሩ ከሆነም መናኛ ነው ይላሉ። ልባቸው የወደደውንና ለራሳቸው ሊያስቀሩት ያሰቡትንማ መድረሻ እስኪያጣ ያዋርዱታል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ እጥፍ አድርጎ ይጠራል፤ እሳቸው ይቀንሳሉ፣ እሱ ይምላል፣ በመጨረሻ አንድ ቦታ ላይ ይስማማሉ። ሁለቱም ውሸቱን ስለሚያውቁት ማንም አይጎዳም ነበር።

አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ዘርፌ የምትባል ሴት መጣች። ባሏ ሻረው ከሞተ ዓመት አልፎታል። ሻረው በዘመኑ በዒላማ ተኩስ ውድድር የታወቀ ሰው ነበር፤ ውድድሩ ከቀረ ብዙ ጊዜ ስለሆነው ግን ስሙን የሚያነሱት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። የቤቷ ጣሪያ በስብሷል። ያለፈውን ክረምት ያሳለፈችው ከልጆቿ ጋር አልጋውን ከጥግ ወደ ጥግ እየገፋች ነው። ዘንድሮ ቆርቆሮ ማልበስ አለባት፤ የቀሯት ጥቂት በጎች ለዚያ አይበቁም፤ ሌላ የሚሸጥ ነገር ደግሞ ከባሏ ሽጉጥ በቀር የላትም። የመሸጫ ፈቃዷን አውጥታ፣ ሽጉጡን በባሏ ነጠላ ጠቅልላ ባሻ ሱቅ ገባች።

ምንም አላጋነነችም። "የባሌ ነው፣ ባሻ" አለች። "ምን ዓይነት እንደሆነ አላውቅም። እርስዎ አይተው ይንገሩኝ።"

ባሻ ነጠላውን ገለጡት። ስድስት ጥይት የሚጎርስ፣ መሀሉ የሚሽከረከር ሽጉጥ ነው፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ግን አልነበረም። አፈሙዙ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ተብሎ ከበድ ባለ ብረት ተተክቷል። ማነጣጠሪያው ረዘም ተደርጎ እንደገና ተሠርቷል። ምላጩን ሳብ ሲያደርጉት ያለ አንዳች መንጠቅ ልስልስ ብሎ መጣላቸው። እጀታው ከወይራ እንጨት ለአንድ ሰው እጅ ብቻ ተለክቶ የተቀረጸ ነው፤ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎድጎድ ያለው ቦታ ከስንት ዘመን ላብ የተነሳ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ከእጀታው ሥር፣ ብረቱ ላይ ደግሞ የወፍ እግር የመሰለች ጭረት አለች።

ባሻ ያቺን ጭረት ያውቋታል። ለውድድር ተኳሾች በትዕዛዝ ሽጉጥ ይሠራ የነበረ የአንድ አንጥረኛ ምልክት ናት። ሰውየው ከሞተ ቆይቷል፤ ሥራዎቹም ጠፍተዋል ነበር የሚባለው። በዋናው ከተማ የሚኖር አንድ ነጋዴ፣ ከዚያ ሰው እጅ የወጣ አንድ ሽጉጥ ቢያገኙልኝ የጠየቁኝን እከፍላለሁ እያለ ባሻን ለዓመታት ሲወተውታቸው ኖሯል። ይኸው አሁን ጭናቸው ላይ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ እውነቱን ቢናገሩ ምን ነበረበት? ሴትየዋ ጣሪያዋን ትመታለች፣ እሳቸውም የድካማቸውን ያገኛሉ፣ ነጋዴውም ይደሰታል። ግን ልማድ ክፉ ነው። ባሻ ደስታቸውን ዋጥ አድርገው ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ምነው ልጄ፣ ይሄ እኮ የተነካካ ነው" አሉ። "አፈሙዙ ቀለሙን ጨርሷል። ማነጣጠሪያው የራሱ አይደለም። ምላጩ ላልቷል። እጀታውን አንዱ ሥራ ፈት በቢላዋ ሸርክቶታል፤ በላብ ጠቁሮ ያስጠላል። ይኸውልሽ፣ ከሥሩም በሚስማር ጭረውታል።"

ከዚያ አንድ የማይረባ ዋጋ ጠሩ፤ የጣሪያውን ሩብ እንኳ የማይሸፍን ነው። በልባቸው ግን፣ ስትከራከረኝ ከፍ አደርግላታለሁ፣ ኋላም ከነጋዴው ስቀበል ጥቂት እጨምርላታለሁ እያሉ ራሳቸውን ያጽናኑ ነበር። ዘርፌ ግን አልተከራከረችም፣ አልማለችም። ዋጋውን ትታ ሌላ ነገር ጠየቀቻቸው፤ እነዚህ ጉድለቶች ባይኖሩበት ደህና ያወጣ ነበር ወይ አለች። የባሻ ልብ ነጋዴው ዘንድ ሄዶ ነበርና፣ "እሱማ አዲስ መስሎ ቢመጣ ማን ይጠላዋል" ብለው መለሱላት።

አመስግና፣ ጠቅልላ ሄደች። ሊጠሯት አሰቡና ተዉት። የሚሄድ ሻጭን የሚከተል ገዢ ዋጋ ያስጨምራል፤ ይህም የገበያ ወግ ነው። የትም አትሄድ፣ ለሚመጣው ገበያ ትመለሳለች አሉና፣ ነጋዴው ገንዘቡን ይዞ እንዲመጣ በአውቶብስ ሹፌር መልእክት ላኩበት።

በሚቀጥለው ገበያ አልመጣችም። ባሻ ቀኑን ሙሉ በር በሩን ሲያዩ፣ የገባውን ሁሉ ሲቆጡ ዋሉ። ሴትየዋ ምን ሆነች፣ ሰው እንዴት ቀጠሮ አያከብርም እያሉ ተንጨረጨሩ፤ ቀጠሮ እንዳልሰጧት ረስተውታል። ቀጥሎ በነበረው ገበያ መጣች። ፊቷ ፈክቷል።

"የነገሩኝን ሁሉ አስተካክዬዋለሁ" ብላ ነጠላውን ገለጠች።

ሽጉጡ እንደ አዲስ ትሪ ያብረቀርቃል። የመኪና ፓራውልት ኒኬል የሚነክር ሰው ዘንድ ወስዳ አስነክራዋለች። ረጅሙ ማነጣጠሪያ ተቆርጦ አጭር ተበይዶበታል። ምላጩ በአዲስ ሞላ ከመጠበቁ የተነሳ በሁለት ጣትም አልሳብ ብሏል። የወፍ እግሯ ጭረት በሞረድ ተፍቃ ጠፍታለች። በወይራው እጀታ ፈንታም የቢላዋ እጀታ የሚሠራበት ነጭ ቀንድ ተለጥፏል። ይህን ሁሉ ያሠራችው የቀሯትን በጎች ሸጣ ነው።

ባሻ ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት። ማን ንኪው አለሽ አሉ፣ አንቺ ሴትዮ አሉ፣ ኒኬል የሚነክረውንም፣ ሞረድ የፈለሰፈውንም፣ አዲስ ነገር ሁሉ የሚያምረውን የዘመኑን ሰውም ረገሙ። በንዴታቸው መሀል ደብቀውት የነበረውን እውነት አንድ በአንድ ዘረገፉት፤ አፈሙዙ ለምን እንደከበደ፣ ምላጩ ምን ያህል ጥበብ እንደፈጀ፣ ያቺ ጭረት የማን እጅ እንደነበረች፣ ዋጋው ጣሪያ ቀርቶ ቤቱን ከነአጥሩ ይሠራ እንደነበረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

"እንጨቱስ?" አሉ በመጨረሻ። "እጀታው የት አለ? እሱን እንኳ አምጪልኝ።"

"ቀንዱን የሠራው ሰው ምድጃ ውስጥ ጨመረው" አለች ዘርፌ።

ባሻ ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። ዘርፌ ነጩን ቀንድ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

"ሲፈታው ከፍቶኝ ነበር" አለች። "የሻረው ጣት ያረፈበት ጎድጓዳ ነበረበት። ልጆቹ አባታቸው ሲናፍቃቸው ጣታቸውን እዚያ ላይ ያሳርፉ ነበር። ግን እርስዎ ያስጠላል አሉኝ። አዋቂ ያለውን እኔ ማን ሆኜ ነው..." ሳትጨርሰው ቀረች። ቀጥላም ድምፅዋን ሳታነሳ ጠየቀቻቸው፦ "ያን ቀን ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር፣ ባሻ?"

"አውቅ ነበር" አሉ።

ዘርፌ ሽጉጡን ጠቅልላ ወጣች። አልረገመቻቸውም። ብትረግማቸው መልሰው ይረግሟት ነበርና ይቀላቸው ነበር። ንዴታቸው የሚወርድበት ሰው ቢያጣ እዚያው እሳቸው ላይ ቀረ።

በማግስቱ ነጋዴው ገንዘቡን ይዞ ከአውቶብስ ወረደ። ባሻ ምናልባት እያሉ ወደ ዘርፌ ቤት ወሰዱት። ነጋዴው ሽጉጡን አገላብጦ አየና፣ እንዲህ ያለውን የሚያብረቀርቅ ነገር በየሠርጉ አየዋለሁ አለ። ባሻ ማሉ፣ ተገዘቱ። ከዚህ በታች የወፍ እግር የመሰለች ምልክት ነበረች፣ አፈሙዙም እንዲህ፣ እጀታውም እንዲህ ነበር እያሉ ተማጸኑት። ነጋዴው ትከሻቸውን መታ መታ እያደረገ ሳቀ።

"ባሻ፣ እርስዎም እንደ ሰዉ ጀመሩ?" አላቸው። "የንጉሥ ስጦታ ነው ማለት ብቻ ነው የቀረዎት።"

ያን ቀን የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ዘርፌ ከእንግዶቿ ፊት ሳታፍር ተነሥታ አልጋውን ወደ ጥግ ገፋች፣ ከሚያፈሰው ሥርም ባልዲ አስቀመጠች። ባሻ ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል እየሰሙ ቆሙ። በዚያው ሳምንት ከአባታቸው የወረሱትን የብረት መቅረጫ ማሽን ሸጡ፤ ቆርቆሮ ገዙ፣ አናጢ ቀጠሩ፣ ጣሪያው ተመታ። ዘርፌ ከልቧ አመሰገነቻቸው። ቤቱ ከዚያ ወዲህ አላፈሰሰም። ሽጉጡን ግን ለማንም ሳትሸጠው ቀረች። ልጆቹ አንዳንድ ቀን ከነጠላው ያወጡታል ይባላል፤ ነጩን ቀንድ በጣታቸው ዙሪያውን ይዳስሱና የሚያሳርፉበት አጥተው ይመልሱታል።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው ሁሉ የሚናደደው በዘርፌ ነው። ምን ነካት፣ እንዴት እንዲህ ያለውን ነገር ታስፍቃለች ይላል። እስቲ ተዉአት። እሷ ያደረገችው አንድ ነገር ነው፤ የሚያውቅ ሰው ሲነግራት አመነችው። ንዴት ካለ፣ ዋጋውን እያወቀ ባጣጣለው ላይ ይሁን።

ችግሩ ደግሞ ይህ ገበያ የቆመው ባሻ ሱቅ ብቻ አለመሆኑ ነው። አባት ልጁ እንዳይቀብጥ ብሎ፣ ጉብዝናውን እያየ አትረባም ይለዋል። አሠሪ ሠራተኛው ጭማሪ እንዳይጠይቅ ብሎ ሥራውን ያናንቅበታል። ባል የሚስቱን ሙያ ሰው ፊት ያጣጥላል፤ ለብቻው ሲሆን ግን ሳህኑን ጠርጎ ይበላል። ስንጠየቅ፣ ወግ ነው እንጂ ልቤንማ ታውቀዋለች እንላለን። አታውቀውም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። የማይወደን ሰው ስናጣጥለው እጥፍ ጠርቶ ይከራከረናል፤ የሚወደንና የሚያከብረን ግን ዝም ብሎ ያምነናል፣ ሄዶም ሞረድ ይፈልጋል።

እናንተስ? ከአፋችሁ የሰማውን አምኖ፣ ዛሬ የወይራ እጀታውን እያስፈታ ያለው ማን ነው? ምድጃ ውስጥ ሳይጨመር ትደርሱለታላችሁ?