የትርንጎ ድስት በሐምሌ ሚካኤል

ትርንጎን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች አልቀው አፈር ከለበሱ ቆይተዋል፤ ወሬዋ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። መንዝ ውስጥ፣ ነፋሱ ከእንግዳ ቀድሞ ቤት በሚገባበት አንድ ደጋ አገር የምትኖር የገበሬ ሚስት ነበረች። ምላሷ የታወቀ ነው። ባሏ ደርሰህ በሕይወት ሳለ ውሻ ልስጥህ የሚለው ጎረቤት ሲመጣ፣ «እኔ ቤትማ ትርንጎ እያለች ውሻ ምን ያደርጋል?» ይል ነበር አሉ።

ደርሰህ ሲሞት የተወላት ሀብት ይህን ያህል አልነበረም። ከተወላት ሁሉ አብልጣ የምትወደው በሚካኤል ማኅበር የነበረውን ቦታ ነው። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል፤ ባለተራው ይደግሳል፤ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጫወታል። ብቻዋን ለምትኖር ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያቺን ቀን ካጣች በቁሟ እንደ ተቀበረች ነበር የምትቆጥረው።

የዚያ አገር ባለጠጋ ባላምባራስ ደምሰው ደግሞ የሟቹን ቦታ ለወንድማቸው ልጅ ፈልገውታል። ግማሹ ማኅበርተኛ የሳቸውን መሬት ያርሳል፤ ስለዚህ ባላምባራስ ሲያስነጥሱ «ይማርዎ» ለማለት የማይሽቀዳደም የለም። ንፉግነታቸውም ለጉድ ነው። የጓዳቸውን ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረው ነው የሚያድሩት። የማኅበር ተራቸውንም ከዓመት ዓመት ጾም ላይ እንዲውል እያስደረጉ ሰዉን ሁሉ በክክ ወጥ ይሸኙታል።

በሰኔ ሚካኤል እሳቸው ቤት ጽዋው ተጠጥቶ ሲያበቃ ቀጣዩን ተራ የተቀበለች ትርንጎ ሆነች። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ ላይ ይፈታል፤ ጎተራም የሚራቆተው ያን ጊዜ ነው። ባላምባራስ ይህን አስልተው ነበርና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ስሚ ትርንጎ፣ ሐምሌ ፍስክ ነው። ሥጋ የሌለበት ድግስ ድግስ አይባልም። በግ ካላረድሽ ጽዋውን ከነቦታሽ ታስረክቢያለሽ!» አሏት።

ትርንጎ ጽዋውን በነጠላዋ ሸፈነችና እጅ ነስታ፣

«እሺ ጌታዬ። ብቻ የርስዎ በጎች ምን ብለው ተስለው ነው? ተራዎ በደረሰ ቁጥር ጾም ይገባላቸዋል» አለቻቸው።

ሰዉ ሳቁን በጋቢው አፈነ። እቤቷ ስትገባ ግን እሷ አልሳቀችም። በግ ከየት ይመጣል? ፈርታ ነበር፤ ፍርሃቷን የምታዋየው ሰው እንኳ አልነበራትም።

ሐምሌ ሚካኤል ደረሰ። ጓዳዋን ገልብጣ ብታይ በስልቻ ያስቀመጠችው ድርቆሽ እንጀራ አለ፣ የአተር ሽሮ አለ፣ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት፣ ከቅል ሥር የቀረ ቅቤ፣ ዶሮዋ የጣለቻቸው እንቁላሎች። ሌላ የለም። ሽሮውን ሽንኩርቱን አብዝታ ወፈር አድርጋ ሠራችው። ከትልቁ ሸክላ ድስት ሥር ድርቆሹን አነጠፈች፣ ሽሮ አፈሰሰችበት፤ እንደገና ድርቆሽ፣ እንደገና ሽሮ፣ እንዲህ እያነባበረች እስከ አፉ ሞላችው። በላዩ እንቁላሉን መትታ፣ ቅቤውን ጠብ ጠብ አድርጋ ከደነችው። ከሥሩም ከክዳኑም ላይ ፍም አደረገችና ተወችው።

ይህን ጊዜ የባላምባራስ ሚስት እሜቴ አቦነሽ «ልርዳሽ ብዬ ነው» እያሉ ገቡ። የመጡት ለማየት እንደሆነ ድመቷም ታውቃለች። ክዳኑን ገለጥ አድርገው፣ «ውይ በሞትኩት! ባላምባራስን የሚያህል ሰው ድርቆሽ ልታበያቸው ነው? ድርቆሽ እኮ የመንገደኛ ስንቅ ነው!» አሉ።

ትርንጎ ፍሙን በእርጋታ መልሳ ክዳኑ ላይ እያስተካከለች፣

«አውቃለሁ እሜቴ። ባሌ ካረፈ ወዲህ ባላምባራስ ለማጽናናት እንኳ ደጄን አልረገጡም፤ ቤቴ ቢርቅባቸው ነው። ለሩቅ መንገደኛ ደግሞ ስንቅ ነው የሚበጀው» አለቻቸው።

እሜቴ አቦነሽ ሳይረዷት ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ በረዶ ሲወርድ ማኅበርተኛው እየተንቀጠቀጠ ገባ። ድስቱ ተከፈተ። ድርቆሹ ሽሮውን ጠጥቶ አብጧል፣ ላዩ ቀልቶ ጠርዝ ጠርዙን ደርቋል፤ እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው። የማኅበሩ የነፍስ አባት መስቀላቸውን አንሥተው ቆም አሉ። «ልጄ፣ ምን ብዬ ልባርከው? ወጥ ነው እንጀራ?»

«አባቴ፣ እርስዎ ዝም ብለው ይባርኩት፤ እሱ ያውቀዋል።»

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ ግራዝማች ውቤ ይባላሉ። ጥርስ የሚባል ነገር ከተለያቸው ዘመን ሆኗል፤ ድግስ ላይ የሚቀርብላቸውን ሥጋ ሲያገላብጡ ውለው ነው የሚሄዱት። የዚያን ቀን ግን በሉ። ደገሙ። ከዚያ አፋቸውን ጠርገው፣ «ለመሆኑ የዚህ ምግብ ስሙ ማነው?» ብለው ጠየቁ።

«ጌታው፣ ሰው እንኳ ክርስትና እስኪነሣ ይጠበቃል። እስከ ማታ ከተረፈ ስም አወጣለታለሁ» አለች።

ባላምባራስ መጀመሪያ አልነካም ብለው ፊታቸውን አዙረው ተቀምጠው ነበር። በኋላ «ለመፍረድ ያህል» ብለው ቀመሱ። አንዴ መቅመስ ፍርድ ያሳስታል ብለው መሰለኝ እንደገና ቀመሱ። ሦስተኛው ላይ ድስቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ሆኖም ነገራቸውን አልረሱም፤ ጣታቸውን ልሰው ተነሡና፣ «ግራዝማች፣ በግ አልታረደም። ድግሱ ጎድሏልና ጽዋው ይነጠቅልኝ!» ብለው ከሰሱ።

ግራዝማች ውቤ ለትርንጎ አዝነዋል። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው። «ደንባችን እንዲህ ይላል፤ ድግስ ጎደለ ከተባለ፣ ከማኅበርተኛው አንድ ሰው 'ደግሳልኛለች' ብሎ ከመሰከረላት ጽዋው ይጸናላታል። የሚመሰክር ከጠፋ ታስረክባለች» አሉ።

ሁሉም በልቷል፣ ሁሉም ጠግቧል፤ ግን የባላምባራስን መሬት የሚያርሰው ወደ እሳቱ አየ፣ የማያርሰውም ወደሚያርሰው አየ። ትርንጎ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ስትመለከት እንባዋ መጣ። አብረዋት ሲስቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ አንድ ቃል ጠፋቸው።

ባላምባራስ ነገሩ እንዳለቀ ቆጥረው ተቀመጡ። ሥራ ከመፍታት ብለው ድስቱን ወደ ጉልበታቸው አስጠጉ፣ ከሥሩ የያዘውን ቅርፊት ፋቅ ፋቅ አድርገው በሁለት ጉንጫቸው ሞሉት።

ግራዝማች ውቤ በሐዘን ድምፅ፣ «ትርንጎ፣ ምስክር አለሽ?» ብለው ጠየቁ።

ትርንጎ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና እጇን ዘርግታ አመለከተች።

«አለኝ ጌታዬ፤ ብቻ ባላምባራስ እስኪውጡ ይታገሡኝ።»