ስብ የተቀባው የውሻ ቆሎ

አንድ ጊዜ፣ ልጆቿ ገና አጥንት መቆርጠም ሳይጀምሩ ወተቷ የነጠፈባት ዳሚት የምትባል ውሻ ነበረች። ቤቷ ከወንዝ ዳር ያለ የውሃ ወፍጮ ጓሮ ነው። በዚያ ዓመት በጋው ረዝሞ ጥንቸሉም ቆቁም ወደ ደጋ ሸሽቷል፤ ዳሚት ቀኑን ሙሉ ስትባዝን ውላ አይጥ እንኳ ሳታገኝ የምትመለስበት ጊዜ በዛ። ከቡችሎቿ የሚበዙት እንደ ምንም ይንቀሳቀሳሉ። የመጨረሻው ግን፣ ድንቡሼ ያለችው፣ ስሙና አካሉ ተለያዩ። ሲወለድ አንገቱ ከወገቡ የማይለይ ድብልብል ነበር፤ አሁን የጎድን አጥንቱ ይታያል። እናት ሁሉ ልጆቼን እኩል ነው የምወድ ትላለች፤ ዳሚትም እንዲያ ትላለች። ስትተኛ ግን ከጉያዋ የምታስገባው ድንቡሼን ነበር።

ችግሯን ከሩቅ ያሸተተችው ቀበሮ አንድ ጠዋት ስልቻ አዝላ ከች አለች። ቀበሮ ባዶ እጇን የትም አትሄድም፤ ባዶ እጇንም አትመለስም። ከስልቻው ሽምብራ የሚያካክሉ ቡናማ ፍሬዎች አውጥታ ከዳሚት ፊት ዘረገፈች።

«እህት ዓለም፣ ይሄ የውሻ ቆሎ ይባላል» አለች። «ደረቅ ስለሆነ አይሻግትም፤ በቀላሉም አይበላሽም። ከምን እንደተሠራ ልንገርሽ? ከግማሽ የሚበልጠው የደረቀ ሥጋ ነው፤ ሥጋን የሚሠራው ሥጋ ነዋ። አጥንቱን አድቅቄ ጨምሬበታለሁ፣ ለጥርስና ለእግር። የሐይቅ ዓሣ አለበት፣ ጠጉር እንዲያብረቀርቅ። ገብስም ለጉልበት፣ ዱባም ለሆድ ማለስለሻ ጣል አድርጌበታለሁ። በላዩ ደግሞ የበግ ላት። ከዚህ ወዲያ ለልጅ ምን ይሰጣል?»

ዳሚት በምኗ ትክፈል? ቀበሮ ይህንንም አስባበት ኖሯል። ከወንዙ ማዶ ባለው ጉድጓዷ ዙሪያ ነብር ማንዣበብ ከጀመረ ሰንብቷል፤ እሷም ልጆች አሏት። ዳሚት ሲመሽ ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጣ ብትጮህላት፣ ቆሎው ባለቀ ቁጥር ሌላ ስልቻ ታመጣላታለች። ውሉ ይኸው ነው።

ዳሚት ከመስማማቷ በፊት ማሽተት ነበረባት። በአፍንጫዋ የምትኮራ ውሻ ናት፤ ትናንት በዚህ ያለፈች ቆቅ በየትኛው እግሯ እንደምታነክስ አሽትቼ እነግራችኋለሁ ባይ ናት። ቆሎውን አሸተተች፤ ላት ሸተታት። ደግማ አሸተተች፤ አሁንም ላት። ምራቋን ዋጠች። ፍሬውን ሰብሮ ውስጡን ማየት የሚባል ነገር ለውሻ አይታሰባትም፤ አፍንጫ ከመሰከረ ሌላ ምስክር ለምን ይጠራል? «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለበሬ ብቻ አይደለም።

ቡችሎቹ ቆሎውን እየተሻሙ በሉ። ሆዳቸው ከበሮ አከለ። ዳሚት ከልቧ ደስ አላት፤ ልጆቿ ጠግበው የሚተኙትን እንቅልፍ ማየት ናፍቋት ነበርና። ሲመሽ ወንዙን ተሻግራ ድምፅዋ እስኪዘጋ ትጮህላቸው ነበር ለቀበሮ ልጆች። ነብሩ መጀመሪያ ተበሳጨ፣ ኋላም ሰለቸውና አገር ለቆ ሄደ።

ነገር ግን በዳሚት ቤት ግራ የሚያጋባ ነገር መጣ። የልጆቿ ሆድ ሳይጎድል ጠጉራቸው እየሻከረ፣ ዓይናቸው እየደከመ ሄደ። ከአፋቸው ከሚገባው ይልቅ የሚወጣው የሚበልጥ መሰለ፤ በጓሮው መርገጫ ጠፋ። ድንቡሼ መጀመሪያ መሮጥ ተወ፤ ቀጥሎ መጫወት ተወ፤ በመጨረሻም የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውት በተቀመጠበት ቀረ። ዳሚት በአፍንጫዋ ገፋ አደረገችው። ተነሥቶ ወደቀ። ቆሎ አቀረበችለት፤ በላላት፣ አመስጋኝ ልጅ ነውና ጅራቱንም ወዘወዘላት። ልቧ ተሰበረ። ባይበላ ኖሮ ምግብ ትፈልግለት ነበር፤ እየበላ የሚከሳ ልጅ ግን ምን ተደርጎ ይድናል?

ወደ ወፍጮው እህል የምታመላልስ አንዲት አህያ ነበረች፤ ከዳሚት ጋር አንድ ጓሮ ተጋርተው በሰላም ይኖራሉ። አንድ ቀትር ላይ ዳሚት ውሃ ጠጥታ ስትመለስ፣ ይህቺ አህያ ጭንቅላቷን እስከ ጆሮዋ ከስልቻው ከትታ ስትቆረጥም አገኘቻት። ደሟ ፈላ። በልጆቿ ጉሮሮ ላይ የቆመች ጠላት መሰለቻት፤ ጥርሷን አግጣ ዘለለችባት። አህያዋም ከድንጋጤዋ የተነሣ ስልቻውን እንደ ቆብ አጥልቃ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ይቅር በይኝ ጎረቤቴ» አለች ከስልቻው ሥር። «አልቻልኩም፣ ጣፈጠኝ። ላዩ ላይ የተቀባው ስብ እንኳ ያቅለሸልሸኛል፤ ትንፋሼን ይዤ ነው የማልፈው። ውስጡ ግን የእኛው ፉርሽካ ነው። እንዲያውም ከወፍጮው ይሻላል፤ ደህና አድርገው አድቅቀውታል።»

ዳሚት ጥርሷን ሰብስባ ቆመች። ለአህያ ማር አይጥማትም ይባላል፤ ሥጋማ ከናካቴው። ሥጋ ያለበት ነገር ለዚች አህያ የሚጣፍጣት ከመቼ ወዲህ ነው? ጥቂት ፍሬ በአፏ ይዛ ሄደችና ከወንዙ ዳር ካለች ትንሽ ኩሬ ውስጥ ጣለች። ስቡ ተላቆ ላይ ላዩን ተንሳፈፈ። ፍሬዎቹ አበጡ፣ ፈረሱ፣ ውሃው ላይም ተበተኑ። ሥጋ የለ፣ አጥንት የለ፣ ዓሣም የለ። ፉርሽካ ብቻ።

እንዴት ሳይሸታት ቀረ? ዳሚት ተወልዳ ያደገችው በወፍጮ ጓሮ ነው። አየሩም፣ መሬቱም፣ የራሷ ጠጉርም ፉርሽካ ይሸታል፤ ዘወትር ያለ ሽታ ደግሞ ለአፍንጫ እንደሌለ ነው። በስቡ ሥር የነበረውን ሁሉ የገዛ ቤቷ ሽታ ነው ብላ አልፋዋለች። አፈረች። ልጇን ያስራበችው በአፍንጫዋ ተማምና መሆኑን ስታስብ፣ ያን አፍንጫ በሁለት እግሮቿ መካከል ቀብራ ብዙ ቆየች።

ከዚያ ተነሥታ ቀበሮ ቆሎውን ወደምታሰናዳበት ቋጥኝ ሄደች። ቀበሮ አልነበረችም፤ ለሥጋው ዘበኛ ያደረገችው አያ ጅቦ ግን እንደ ወትሮው ተጋድሟል። ቀበሮ ብልጥ ናት ይባላል፤ ጅብን ሥጋ የምታስጠብቅ ብልጥ የት አገር እንዳለች እንጃ። ለካስ ከባዱን ሥጋ ከሩቅ ተሸክሞ የሚያመጣላት ሌላ ጉልበተኛ አጥታ ነው።

ዳሚት ሰላምታ ሰጥታ፣ «አያ ጅቦ፣ ሥጋው የታለ?» አለችው።

«እሱንማ አታስቢ» አለ ጅቦ ኮራ ብሎ። «አንድም ሌባ አልነካውም። ከመጣበት ቀን ጀምሮ ደህና ቦታ አስቀምጬዋለሁ።» ሆዱን መታ መታ አደረገ። «እመት ቀበሮ ትንሽ ተቆጣችኝ፤ ኋላ ግን ከወፍጮ ጓሮ ፉርሽካ ገዝታ ተሸክማ መጣችና እሱን ጠብቅ አለችኝ። ጠባቂ ለምን እንዳስፈለገው አልገባኝም። ፉርሽካ ማን ይሰርቃል?»

በጅብ መናደድ ድንጋይን መምከር ነው። ነገሩ የማን ሥራ እንደሆነ ለዳሚት ገብቷታል፤ ግን የቀበሮን ምላስም ታውቃለች። ብትጠይቃት ዱቄቱን ሥጋ፣ ሥጋውን ዱቄት አድርጋ ታስረዳታለች፤ አንበሳ ዘንድ ብትከሳትም ተከራክራ ትረታለች። ስለዚህ ዳሚት የቀበሮን አንደበት ሳይሆን እጇን ለማየት ቆረጠች።

ቆሎው ሲያልቅ ቀበሮ አዲስ ስልቻ ይዛ መጣች። ነብሩ ከሄደ ወዲህ ልጆቿም በቀን መውጣት ለምደዋል፤ ወፋፍረው፣ ጠጉራቸው እያብረቀረቀ፣ እየተራገጡ ተከትለዋታል። ትንሹ በቀጥታ ድንቡሼ ወደተጋደመበት ሄደና ጆሮውን ሳብ አደረገው። ድንቡሼ መጫወት አማረው፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ሞከረ፣ አቃተውና ተመልሶ ተኛ። የቀበሮ ልጅ ግራ ገብቶት እናቱን አየ።

ቀበሮ ስለ አዲሱ ስልቻ እያወራች ነው፤ በዚህኛው ሥጋው ከፊተኛው ይበልጣል፣ ዓሣውም ትኩስ ነው ትላለች። ዳሚት ስልቻውን ከፈተች፤ ጥቂት ፍሬ ዘግና ከትንሹ የቀበሮ ልጅ ፊት አስቀመጠች።

«እንካ የእኔ ቆንጆ፣ ብላ» አለችው። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ ይህን ልጅ ስንት ምሽት ጠብቃዋለችና ትወደዋለች።

ግልገሉ አፉን ከፈተ። አንዲቱ ፍሬ ከንፈሩ ሳትደርስ ቀበሮ እጇን ወርውራ በጥፊ አስጣለችው።

«ተው» አለች፣ ትንፋሽ አጥሯት። «ይሄ ለልጅ አይሆንም።»

ጥግ ላይ የቆመችው አህያ እንኳ ማላመጧን አቆመች። ቀበሮ የተናገረችውን የሰማችው ከተናገረችው በኋላ ነው።

«የእኔዎቹስ ምንድን ናቸው?» አለች ዳሚት።

ቀበሮ ድንቡሼን አየችው፤ ስንት ጊዜ መጥታ ስትሄድ አጠገቡ አልፋለች፣ ያየችው ግን ገና አሁን ነው። ከራሷ ልጅ ጎን ሲተኛ የሁለቱ ልዩነት እንኳን ለእናት ለአላፊ አግዳሚም ይታያል። ቁጭ አለች። ጅቦ ሥጋውን ሲጨርስባት ባዶ ስልቻ ይዞ መምጣት እንዳሳፈራት፣ ለዚያ ቀን ብቻ ብላ ፉርሽካውን ስብ እንደቀባባች፣ ማንም ነቅቶ ስላልጠየቃት ሁለተኛውንም እንደዚያው እንዳደረገች፣ አንገቷን ደፍታ ተናገረች። ልጆቿን ያበላችው ጅቦ ሳይደርስበት አስቀድማ ከጉድጓዷ የደበቀችውን እውነተኛውን ቆሎ ነው።

ዳሚት ልትነክሳት ትችል ነበር። አልነከሰቻትም። «የእኔ ልጅ እስኪነሣ ካንቺ ልጆች እኩል ያንኑ ይበላል፤ ነብሩ ከተመለሰም እጮህላቸዋለሁ፣ እነሱ አላጠፉም» አለቻት። ከእንግዲህ ግን የትኛውም ስልቻ የሚከፈተው በዚህ ጓሮ ነው፤ አስቀድመው የሚቀምሱትም የቀበሮ ልጆች ናቸው። ቀበሮ በዚህ ተስማማች፤ ዛሬ ደግሞ የተስማማችው ከልቧ ነው።

በዚያው ቀን የደበቀችውን ተሸክማ መጣች። ሲሰብሩት ውስጡ የሥጋ ክር የሚታይበት፣ አጥንትና ዓሣ የገባበት፣ ገብሱ ለመያዣ ያህል የሆነ ቆሎ ነው። ዳሚት ስታሸተው ደግሞ መጀመሪያ በጥርሷ ለሁለት ከፍላ ነው። ለድንቡሼ በሞቀ ውሃ አርሳ፣ ትንሽ በትንሽ አጎረሰችው። እግሩ ቶሎ አልጠናም፤ ሥጋ የሚሠራው በትዕግሥት ነው። ጅቦ ፉርሽካውን እንዲጠብቅ ተወሰነ፤ አደራውንም ሳያጎድል ተወጣ፤ አህያዋ ግን ለምና ለምና ታስፈቅደው ነበር።

አንድ ጠዋት ዳሚት ጭራዋን የሆነ ነገር ሲነክሳት ነቃች። ዞር ብትል ድንቡሼ ነው። በአራት እግሩ ቆሟል፣ ይንገዳገዳል፣ ጭራዋን ግን አልለቀቀም። ከኋላው የቀበሮ ልጅ የሱን ጭራ ይዟል። ዳሚት በሕይወቷ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ሕመም አሟት አያውቅም፤ እንዳይለቃትም ጭራዋን ሳታንቀሳቅስ ዝም ብላ ተኛች።

ከዚህ የምንማረው፣ ለራሱ ልጅ የማይሰጠውን ለጎረቤት ልጅ የሚያጎርስ ሰው ሽታውንና ወሬውን የቱንም ያህል ቢያሳምር የገዛ እጁ እንደሚያጋልጠው ነው።