በበረዶ መንገድ ላይ ያለው ማሳ

አንድ ጊዜ በአንድ ደጋ አገር አንድ የጋራ ጎተራ የነበራቸው እንስሳት ይኖሩ ነበር፦ ዳኛው አንበሳ፣ የማሳ መርማሪዋ ቀበሮ፣ ሆዱ የሰፋ ብልሃቱ የጠበበ ጅብ፣ እንዲሁም ከእናቷ ቀዬ ተፈናቅላ በተራራው ግርጌ የተጠለለችው አህያ።

በደንባቸው መሠረት ሁሉም በመከር ወደ ጎተራው እህል ያዋጣሉ፤ ማሳውን በረዶ የመታበትም ከዚያው ይካሳል። ሆኖም ጎተራው ዋስ የሚሆነው የማሳው የበረዶ ስጋት አስቀድሞ ከተመረመረ ብቻ ነበር።

አህያ ማለዳ ማለዳ አንገቷን ታቀናለች። ከተራራው ጫንቃ ላይ የእናቷ ማሳ ይታያታል፤ የገብሱ ሽታ በነፋስ የሚደርሳት ይመስላት ነበር። በመጨረሻም «እዚያው ዘርቼ እዚያው ላርጅ» ብላ ዋስትና ጠየቀች።

ጅብ ይህን እንደ ሰማ ወደ ቀበሮ ሮጠ።

«እመት ቀበሮ፣ ለሸንጎው ‹ማሳውን በረዶ አያውቀውም› በይ። ብቻዋን እዚያ ከሰፈረች ቅልጥሟ ያንቺ ነው።»

«የቀረውስ፣ አያ ጅቦ?»

«ደግሞ ምን ይቀራል!»

ቀበሮ አህያን አስከትላ በበጋ ወደ ማሳው ወጣች። «ሰማዩን ተመልከቺ፤ እንደ ታጠበ ነጠላ ጠርቷል። የምን በረዶ?» አለቻት።

የአህያ ዓይን ግን ያረፈው በማሳው ዳር ባለው የኮሶ ዛፍ ላይ ነበር። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ቅርፊቱ ተቦጫጭሮ፣ አሮጌው የበረዶ ጠባሳ ሳይሽር አዲስ ተደርቦበታል። ፈጥና ፊቷን አዞረች፤ አፈሩንም ታሸት ጀመር።

በሸንጎው ቀበሮ «ስጋት የለበትም» ስትል ጅብ አላስችል አለው።

«ይፈቀድላት እንጂ! በረዶ ቢመታትም ቀድሜ እደርስላታለሁ፤ ሥጋዋ ሜዳ ላይ አይቀርም!»

አንበሳም ወደ አህያ ዞረ። «አንቺስ ምን አየሽ?»

«ምንም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ከእናቷ ማሳ ያደርሳት ነበር።

«ጌታዬ፣ ኮሶው ቆስሏል። እናቴን ያፈናቀለው በረዶ ዛሬም መንገዱን አልሳተም።»

ከብዙ ምክር በኋላም ማሳው እንዳይዘራ፣ ቀበሮ ከእንግዲህ ደመና ሲጠቁር እንጂ በበጋ እንዳትመረምር፣ በየበጋው ግን እንስሳቱ አህያን አጅበው አውጥተው የእናቷን ማሳ ሣር እንዲያስግጧት ተወሰነ፤ ሁሉም ተቀበሉት፤ አንበሳ ትክ ብሎ ያየው ጅብ እንኳ «ይሁን» አለ።

ከዚህ የምንማረው የምንናፍቀውን ነገር አደጋ እኛ አይተን እንዳላየን ብናልፈው፣ አደጋው ግን እኛን እንዳላየ እንደማያልፈን ነው።