ክቡር ሚኒስትሩ ወንዝ ሲሻገሩ

አንድ ሚኒስትር ወደ ቀጣናው ኅብረት ጉባኤ ከመሄዳቸው በፊት የድንበር ቀበሌዎችን ሊጎበኙ ወጡ። መንገዳቸው ላይ ያለውን ድልድይ ጎርፍ ከወሰደው ሦስት ክረምት አልፏል። ስለዚህ መንገደኛ በጀርባው እያዘለ የሚያሻግር አንድ ሰው ሚኒስትሩንም አዘላቸው። እሳቸውም እንደታዘሉ የጉባኤውን ንግግር መለማመድ ጀመሩ።

«አገራችን ቀጣናውን ከአትላንቲክ ማዶ ጋር የምታገናኝ ጽኑ ድልድይ ናት!»

ሰውየው ወገቡ የደረሰውን ውኃ እየገፋ ዝም አለ። ዝምታው ሚኒስትሩን አናደዳቸው። መሀል ወንዝ ላይ ሲደርሱ ትከሻውን መታ አድርገው፣

«ምነው ዝም አልክ? ሕዝቡ ስለ ድልድያችን ምን ይላል ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልበላቸው?» አሉት።

ሰውየው ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ክቡር ሚኒስትር፣ ‹እላዩ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ነው› ይበሏቸው» አላቸው።