ልብሱን የተገፈፈው አፈር

ተረት ተረት፤ የላሞቹን በረት ዝጉና ስሙ። በአንድ ተዳፋት ጓሮ ክረምት በመጣ ቁጥር መሸርሸር የሰለቸው አፈር ነበር። ዘንድሮ የስኳር ድንች ሐረግ ተንሰራፍቶ ስላለበሰው ትንሽ አረፍ ብሏል።

የሰኔ ሚካኤል ማኅበርተኞች ሊመጡ ሲሉ ግን የጓሮዋ ጽጌረዳ ለባለቤቲቱ፣ «እመቤቴ፣ ይሄን ዝርክርክ ያስነቅሉልኝ፤ እንግዳ ምን ይለናል?» አለች።

«ተይ እህቴ፣ ልብሴ ነው» አለ አፈሩ በደከመ ድምፅ። ማንም አልሰማው። ሐረጉ ተነቀለ፣ ጓሮው ተጠረገ፤ እንግዶቹም ጽዳቱን አመስግነው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ዶፍ ወርዶ አፈሩን ጠርጎ ወሰደው። ጽጌረዳዋ ሥሯ ተራቁቶ፣ ዘመም ብላ፣ «ኧረ አፈር፣ ተመለስ» እያለች ተጣራች።

አፈሩም ከታች ከጎረቤት ጓሮ፣ ከዱባ ቅጠል ሥር እንደተኛ፣ «አሁን ገና ለብሼ ጋደም አልኩ፤ ደግሞ ዳገቱን ማን ይወጣል?» አላት።