አልበቅል ያለው ገብስ

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ አያልነሽ የምትባል ሴት ነበረች። የዋህ ነች። ደግሞ ፈሪ። ባሏ ደምለው ሞተባትና ከሚጠባ ልጇ ጋር ብቻዋን ቀረች።

ደምለው ጓንጉል የሚባል ወንድም ነበረው። ጓንጉል አፉ ቅቤ፣ ሆዱ ጩቤ። ጎረቤቷ ደግሞ እማማ ድንቄ ናቸው። እሳቸው አፋቸው ሬት፣ እጃቸው ግን ሰጪ።

በዚያ አገር ሕግ ነበር። የሟቹን ተዝካር ያወጣ መሬቱን ይወርሳል። ጠላ የሌለበት ተዝካር ደግሞ ተዝካር አይባልም። አያልነሽ ጠላ ካላቀረበች እሷና ልጇ ሜዳ ላይ ወደቁ ማለት ነው።

እሷ ግን ጠላ ጠምቃ አታውቅም።

እማማ ድንቄ መጡ። «አንቺ ልጅ፣ እንቺ የኔን ብቅል። ዘንድሮ መጥመቁን ብቻ ተማሪ። ማብቀሉ ለከርሞ ይደርሳል» አሏት።

ጓንጉል ይህን ሰማና ሮጦ መጣ። «ምነው እቴ! የወንድሜን ነፍስ በሰው ብቅል ልታስቢ? ከገብሱ ካልጀመርሽ ያንቺ ጠላ አይባልም። ለሱም አይደርሰው። ገብሱን እኔ አመጣልሻለሁ።»

አያልነሽ ደነገጠች። ብቅሉን መለሰች።

ጓንጉል ገብሱን አመጣ። ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ገለባ የሚባል የለበትም። ንጹሕ ገብስ ጥሩ ብቅል ይሆናል ብላ፣ «ተባረክ ወንድም ጋሼ!» አለችው።

ገብሱን ዘፈዘፈች። በኮባ ቅጠል ጠቀለለች። ድንጋይ ጫነችበት። ገልጣ ብታይ አልበቀለም።

እማማ ድንቄ ዳግመኛ መጡ። «እንቺ ብቅል።»

«አይ እማማ፣ የኔው ይበቅላል።»

አልበቀለም። መሽተት ጀመረ። ልጁ ያለቅሳል፣ እሷ ትገልጣለች። ልጁ ያለቅሳል፣ እሷ ትገልጣለች።

ሦስተኛ መጡ እማማ ድንቄ። «እስቲ አሳዪኝ ያንን ጉድሽን!» አንዷን ፍሬ አንስተው በጥፍራቸው ፈለጧት። 

«ማነው የሰጠሽ?»

«ወንድም ጋሼ።»

«ልጄ፣ ይሄ በሙቀጫ የተፈተገ ገብስ ነው። የሚበቅልበት ዓይኑ ወልቋል። ለቆሎ ይሆናል፣ ለቂንጬ ይሆናል። ዕድሜ ልክሽን ብትጠቀልይው አይበቅልም።»

አያልነሽ መሬት ላይ ዘጭ አለች። «እባክዎ እማማ፣ ያንን ብቅልዎን ይስጡኝ።»

«ብቅሉስ አለ። ተዝካሩ ግን ነገ ነው። ጠላ ባንድ ሌሊት አይደርስም።»

በማግስቱ ተዝካሩን የሚዳኙት የአገሩ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አያልነሽ ሌሊቱን የጠነሰሰችውን ያልፈላ ድፍርስ ውሃ ቀዳች። ቀመሱና ዋንጫውን አስቀመጡ። ያኔ ጓንጉል ከቤቱ ጋን ሙሉ ጠላ አሸክሞ ገባ። ለካ በስውር ሲያስጠምቅ ነበር!

እማማ ድንቄ የተፈተገውን ገብስ ሽማግሌዎቹ ፊት በተኑት። «ይህ ነው ሥራው!» ብለው ጮኹ። ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። ግን የጓንጉልን ጠላ ጠጥተዋል። ሕጉም ሕግ ነው። መሬቱ ለጓንጉል ሆነ።

አገሩ ግን ሰማ። ጓንጉልን በደቦ የሚያርስለት፣ በሐዘን የሚደርስለት ጠፋ። ሲሞት ተዝካሩን የሚያወጣ አልተገኘም። መሬቱን ዳዋ በላው።

አያልነሽ እማማ ድንቄ ቤት ተጠግታ በሳቸው ብቅል መጥመቅ ተማረች። በከርሞው በጉልበቷ ሠርታ ያገኘችውን ገብስ ዘፈዘፈች። በቀለላት። እሸት የመሰለ ብቅል! ግን ገብስ የምትዘራበት መሬት አልነበራትም። ብቅሉን አቅፋ አለቀሰች።

ልጆቼ፣ ጀማሪ በደግ ሰው ብቅል ይጀምር። ከፍሬው መጀመር ላወቀ ነው። ገና ሳታውቁ «ከፍሬው ጀምሩ» የሚላችሁ ሰው ሲመጣ ደግሞ፣ ፍሬውን አስቀድማችሁ ለሚያውቅ አሳዩ።

እኔ የሰማሁት ይህንን ነው። እናንተን ከእንዲህ ያለ ዘመድ ይሰውራችሁ።