እየሞቱ የሚነሱት ጥንዚዛዎች

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር በወንዝ ዳር ትኖር ነበር። ሀብቷ አንድ የማገጥ መስክ ብቻ ነው። ማገጥ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ለምለም መኖ ነው፤ እሱን የበላች እናት ጡቷ አይነጥፍም። ታዲያ በዚያ ዓመት መስኩን ቅጠል በል ጥንዚዛ ወረረው። ከቅጠሉ ይልቅ ቀዳዳው በዛ። የአህያዋ ወተት ጎደለ፤ ውርንጭላውም ጉልበቱ እየከዳው ይንገዳገድ ጀመር።

አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ። አማካሪው ቀበሮ ግን «ተው፣ አትቸኩል» አለው። «የእናትየዋ እርግጫ ከባድ ነው። ይልቅ ጥንዚዛዎቹን ላጥፋልሽ በላት። ዋጋህ ከልጇ አጠገብ ማደር ይሁን፤ ለጥበቃ ነው ትላታለህ። ሌላው ቢቀር የውርንጭላውን ጉበት እንዳትረሳኝ!»

ጅብ እንዲህ ያለ ረጅም ምክር መያዝ የት ያውቅበታል? መንገድ ላይ ግማሹ ጠፋበት።

«እመት አህያ፣ ጥንዚዛዎቹን እጨርስልሻለሁ! አንቺም ከልጅሽ አጠገብ ታስተኚኛለሽ። ለ… ለምን ነበር?»

«ለጥበቃ» አለ ቀበሮ ከኋላው።

አህያዋ የጅብ ሐሳብ ገባት። ግን ልጇ ዓይኗ እያየ ሊያልቅባት ነው። «መጀመሪያ ጨርሳቸው፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አለች።

ጅብ አንገቱን ወደ መሬት ደፍቶ ጮኸ። መስኩ ተንቀጠቀጠ። ጥንዚዛዎቹም ከየቅጠሉ እየረገፉ በጀርባቸው ተንጋለሉ፤ እግራቸውን አጣጥፈው ድርቅ አሉ።

«አየሽ! በድምፄ ብቻ ፈጀኋቸው! መኝታዬን አንጥፊ!»

«እስቲ መሞታቸውን ልይ፤ ነገ ጠዋት ና» አለችው። ጅብ እየተጎማለለ ሄደ።

አህያዋ እነዚያን ረጃጅም ጆሮዎቿን ወደ መሬት ጣል አድርጋ እያዳመጠች ቆመች። ትንሽ ቆይቶ የጥንዚዛዎቹ አለቃ በቀጭን ድምፅ ሲናገር ሰማች። «ተነሱ፣ ሄዷል! መስኩ ሲናጥ እንሞታለን፤ ሲረጋ እንበላለን። ሥራችን ይኸው ነው!» ወዲያው ሁሉም ተነስተው ወደየቅጠላቸው ወጡ።

አህያዋ ልቧ በደስታ ዘለለ። በቀጥታ በመስኩ ዳር ካለው ግራር ሥር ጫጩቶቿን ይዛ ወደምትጭረው ጅግራ ሮጠች።

«እመት ጅግራ፣ ጥንዚዛ ትወጃለሽ?»

«ብወደውስ ምን ዋጋ አለው? ቅጠል ሥር ተለጥፎ አይታየኝ!»

«ነገ ጠዋት ዘመድ አዝማድሽን ሰብስበሽ ነይ። መሬት ላይ ተሰጥቶ ይጠብቅሻል።»

በማግስቱ ፀሐይ ሞቅ ስትል ጅብ ቀበሮን አስከትሎ መጣ። «ጥቂቶች ቀርተዋል፣ አያ ጅቦ» አለች አህያዋ። «እንደ ትናንቱ ጩህባቸው። አገር የሚያውቀው ድምፅ አይደል?»

ጅብ ደረቱን ነፍቶ ጮኸ። «ሙቱ!» አለ የጥንዚዛዎቹ አለቃ፤ ሁሉም ረገፉ። ይሄኔ ጅግራዎቹ ከየቁጥቋጦው ግር ብለው ወጡ! ለቀሙ፣ ለቀሙ፣ አሁንም ለቀሙ። ስንቱ ጥንዚዛ የሞተ መስሎ እግሩን እንዳጣጠፈ ተዋጠ! አለቃው «ተነሱ!» ሊል አፉን ሲከፍት አንዲት ጫጩት ቀደመችው። መስኩ ነጻ ወጣ! አህያዋ ወንዙ እስኪያስተጋባ ድረስ አናፋች።

«መኝታዬስ?» አለ ጅብ።

«መኝታው ጥንዚዛዎቹን ለሚያጠፋ ነበር፤ ያጠፉት ጅግራዎቹ ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ ከልጄ በላይ ግራሩ ላይ ያድራሉ። ኮሽ ሲል ይንጫጫሉ፤ ሲንጫጩ እነቃለሁ፤ ስነቃ ደግሞ እርግጫዬን ታውቀዋለህ።»

ጅብ ምክር ፍለጋ ወደ ኋላው ዞረ። ቀበሮ ግን ኮረብታውን ካለፈ ቆይቷል።

ማገጡ እንደገና አቆጠቆጠ፤ ወተቱም ሞላ። ውርንጭላው ጠግቦ ሲፈነጭ ከሩቅ የሚያየው ጅብ፣ ያን ሁሉ ጮኾ ለምን ጦሙን እንዳደረ እስከ ዛሬ አልገባውም።

ከዚህ የምንማረው፣ ጠላት የሚሸነፈው በጩኸት ብዛት ሳይሆን ጩኸቱ ካለፈ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ቆሞ በሚያዳምጥ ሰው መሆኑን ነው።